ከባሕር ዳር እስከ ጅቡቲ፣ በደብተርና በካልኩሌተር

የመርከብ ሞተር ክፍል ሰው ነኝ። እኛ ከታች ከፓምፕና ከጄነሬተር ጋር ስንውል መርከቧ የት እንደደረሰች የምንሰማው ከላይ በሚደወል ስልክ ነው። «ስንት ማይል ቀረን?» እያልኩ መጠየቅ ሰለቸኝና ስሌቱን ራሴ ልማረው አልኩ። ለእረፍት ባሕር ዳር ስመጣ አንድ ደብተር፣ ሳይንና ኮሳይን የሚያወጣ ካልኩሌተርና የአፍሪካ ካርታ ገዝቼ ተቀመጥኩ። የስልኬ ጂፒኤስ መልሱን ለማመሳከር ብቻ እንዲሆን ወሰንኩ።

የጀመርኩት ከኬክሮስ ነው፤ እሱ ከገባ ሌላው አይከብድም። ከምድር ወገብ እስከ ዋልታው 90 ዲግሪ አለ፤ አንዱ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ መሬት ላይ ሲለካ በአማካይ አንድ የባሕር ማይል ይሆናል፤ ማይሉም በ1929 በዓለም አቀፍ ስምምነት 1,852 ሜትር እንዲሆን ተወስኗል። እንግዲህ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ለሚጓዝ ሰው ሥራው መቀነስ ብቻ ነው፤ የደቂቃው ልዩነት ራሱ ማይሉ ነው። ኪሎ ሜትርን እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ከደብተሬ አርቄዋለሁ። ከመጀመሪያው የቀላቀለ ሰው በመሀል ምን እንደሚያባዛ ይጠፋዋል።

ባሕር ዳር ለዚህ ትምህርት የተመቸ ከተማ ነው። ጣና በስተሰሜን ስለሚገኝ ሰማዩና ውሃው የሚገናኙበት መስመር ወለል ብሎ ይታያል። ሰማዩ ጥርት ባለበት በአንድ የጥቅምት ሌሊት ሐይቁ ዳር ቆሜ ክንዴን ዘረጋሁና ጡጫዬን በውሃው መስመር ላይ አስቀመጥኩት። በተዘረጋ ክንድ ጫፍ ያለ ጡጫ ወደ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። የሰሜን ኮከብ ከአውራ ጣቴ ጥቂት ከፍ ብሎ ቁጭ ብሏል። የዚህ ኮከብ ከፍታ ከተመልካቹ ኬክሮስ የሚለየው ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ የምትገኘው በ11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን ላይ ነው። ያለ አንዳች መሣሪያ ይህን ያህል መቅረብ መቻሉ እስካሁን ይገርመኛል።

ኬንትሮስ ጠባዩ ሌላ ነው። መነሻው ተፈጥሮ የሰጠው ሳይሆን በ1884 ዋሽንግተን ላይ በተደረገ ጉባኤ የተመረጠው የግሪኒች መስመር ነው። መስመሮቹ በምድር ወገብ ላይ ተራርቀው ይነሱና ዋልታው ላይ አንድ ነጥብ ይሆናሉ። ስለዚህ የኬንትሮስ ደቂቃ አንድ ማይል የሚሆነው በምድር ወገብ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በኬክሮሱ ኮሳይን እየተባዛ ይጠባል።

ይህንን ለመለማመድ ካርታው ራሱ ጥሩ ምሳሌ ሰጠኝ። ጅቡቲ ከባሕር ዳር ጋር በአንድ ኬክሮስ ላይ ናት ለማለት ይቻላል፤ እሷም 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ አካባቢ ነች። ባሕር ዳር በ37 ዲግሪ ከ23 ደቂቃ፣ ጅቡቲ በ43 ዲግሪ ከ9 ደቂቃ ምሥራቅ ናቸው። ልዩነቱ 5 ዲግሪ ከ46 ደቂቃ ማለትም 346 ደቂቃ ነው። በ11.6 ዲግሪ ኮሳይን፣ በ0.9796 ሲባዛ 339 የባሕር ማይል ወይም 628 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ኮሳይኑን የረሳ ሰው የሚስተው 7 ማይል ብቻ ነው፤ በአገራችን ኬክሮስ ስንፍና ብዙ አያስቀጣም። ያው 346 ደቂቃ በለንደን ኬክሮስ ላይ ግን 215 ማይል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የመርከባችን መኮንን የነገረኝ ትርጉሙ ገባኝ። ባለሁለት እግሩን የመለኪያ ኮምፓስ በባሕር ካርታው ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ከፍቶ፣ ሳያጥፈው ወደ ግራው ጠርዝ ወስዶ አሳረፈው። «ከላይኛው ጠርዝ እንዳትለካ ወንድሜ፤ ከጎን ነው፣ ያውም ከቆምክበት ኬክሮስ ትይዩ» አለኝ። በመርካቶር ካርታ፣ ማለትም በተለመደው የባሕር ካርታ አሳሳል፣ ላይ ወደ ዋልታው በቀረብን መጠን መሬቱ ተለጥጦ ስለሚሳል፣ መለኪያውም በዚያው ከፍታ ካለው የጎን ጠርዝ መወሰድ አለበት።

ኬክሮሱም ኬንትሮሱም ሲለያዩ ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ይሠራል። ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሰሜን 157 ደቂቃ፣ ወደ ምዕራብ 89 ደቂቃ ነው። ምዕራቡን በአማካዩ ኬክሮስ ኮሳይን ሳጠበው 87.6 ማይል ሆነ። የቀረው ፓይታጎረስ ነው፦ ወደ 180 ማይል፣ 333 ኪሎ ሜትር። አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ምዕራብ 29 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ በኮምፓስ አነጋገር፣ 29 ከ360 ሲቀነስ፣ 331። መኪና ግን የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ወጥቶና ጎጃምን ዞሮ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል።

ከካልኩሌተሩ ጋር የተስማማሁት ሁለት ነገሮችን ሁልጊዜ አስቀድሜ በማየት ነው። አንደኛው በዲግሪ እንጂ በራዲያን አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው ደቂቃው ለ60 መካፈሉ ነው፤ 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ 11.6 እንጂ 11.36 አይደለም። በሁለቱ መካከል ከ26 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። መርከብ በዚህ ልክ ከሳተች ደግሞ አለት ላይ ልትወጣ ትችላለች። አንዳንድ ካልኩሌተር ዲግሪና ደቂቃን ለይቶ የሚቀበል ቁልፍ አለው፤ ካለው እሱን መጠቀም ይሻላል።

ከዚያ ረጅሙን ሞከርኩት፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን። በፊተኛው ዘዴ ወደ 6,620 ማይል ወጣ። በሉል ስሌት፣ ማለትም የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን አባዝቶ፣ የሁለቱን ኮሳይንና የኬንትሮሱን ልዩነት ኮሳይን ብዜት በመደመር ሲሠራ የርቀቱ ማዕዘን ኮሳይን ይገኛል፤ ማዕዘኑም 104 ዲግሪ ሆነ። በ60 ሲባዛ 6,240 ማይል፣ 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋሽንግተን ያለችበት 77 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ስለሆነ የመቀነስ ምልክት ይዞ ነው የሚገባው። የሁለቱ ዘዴዎች ልዩነት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ይበልጥ የደነቀኝ አቅጣጫው ነው። የመጀመሪያው ዘዴ ከቦሌ ተነስቶ ወደ ሰሜን እምብዛም ሳያዘነብል ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ አጭሩ መንገድ ግን በ314 ዲግሪ፣ በሰሜንና በምዕራብ መካከል በትክክል ይነሳል ለማለት ይቻላል። አትላንቲክ መሀል ላይ 45 ዲግሪ ሰሜን ድረስ ይወጣና 39 ዲግሪ ላይ ወዳለችው ዋሽንግተን ተመልሶ ይወርዳል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሲሳል ቀስት ይመስላል፤ ክር ወስዶ በሉል ላይ የወጠረ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ያገኘዋል።

የዚህ መንገድ ችግሩ አቅጣጫው በየእርምጃው መለወጡ ነው። መሪ የያዘ ሰው ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ አንድ ቁጥር ላይ መቆየት ይፈልጋል። ስለዚህ ውቅያኖስ የሚያቋርጡ መርከቦች ቀስቱን በአጫጭር ቀጥታ መስመሮች ይከፋፍሉታል፤ እያንዳንዷ ቁራጭም እንደ ቦሌና ባሕር ዳር በጎነ ሦስት ትሠራለች።