መሀል ሰፋሪዋ

ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የገብርኤል ማግስት፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ብርዱ ሊሆን ይችላል፤ ጾሙም ሊሆን ይችላል፤ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ድቅድቅ የሚለው የዚህ አገር የክረምት ሰማይም ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር በቅጡ አልተነጋገርኩም። ሻይ ልጠጣ ብዬ ተነሥቼ ውሃ ጣድኩና ስልኬን ሳነሣ የእህቴን መልእክት አገኘሁ።

«ትራምፕ ለእያንዳንዳችሁ 2,000 ዶላር ሊሰጣችሁ ነው ሲባል ሰማን። እንኳን ደስ አለሽ። ትናንት ገብርኤል ሄጄ ስምሽን ጠርቼ ነበር።» ከሥሩ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ማስታወቂያ ፎቶ አንሥታ ልካለች። ስለ ፎቶው አንድም ቃል አልጻፈችም። እህቴን ታውቋታላችሁ፤ መለመን አትችልበትም፣ ታሳያለች እንጂ።

መልሱ አጭር ነው። 2,000 አይደለም፣ 600 ነው፤ እሱም ገና አልገባም። ይህችን ጽፌ መተኛት እችል ነበር። ነገር ግን «ለምን 600 ሆነ?» ማለቷ እንደማይቀር ስለማውቅ፣ ማብራሪያውን በሐሳቤ ማሰናዳት ጀመርኩ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ፓርኪንጉ ደጋግሜ ስለጻፍኩ አላሰለቻችሁም። ዋሺንግተን ዲሲ፣ ኬ ስትሪት ላይ ካለ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ በመስተዋት ሳጥን ውስጥ ስምንት ዓመት ተቀምጬ ትኬት ቆርጫለሁ። ከደንበኞቼ ግማሾቹ ኮንግረስ ደጅ በመጥናት የሚተዳደሩ ጠበቆችና ጉዳይ አስፈጻሚዎች ነበሩ። በመጋቢት ወር ኮሮና መጣና ሁሉም ቤታቸው ገቡ፤ እኔም ገባሁ። ልዩነቱ እነሱ ሥራቸውን ይዘው መግባታቸው ነው።

በዚያው ወር መጨረሻ ኮንግረስ 2.2 ትሪሊዮን ዶላር የሚያህል የእርዳታ ሕግ አወጣ። ለአንድ ሰው 1,200 ዶላር፣ ሥራ ላጣ ደግሞ ከመደበኛው በላይ በየሳምንቱ 600 ዶላር። ሪፐብሊካኖቹ «ሰው ከደመወዙ በላይ እየተከፈለው ማን ሥራ ይመለሳል?» እያሉ ሲያማርሩ እናደድ ነበር፤ እዚህ ግን ማንም ስለማይሰማን ልናዘዝ፦ እውነት ነው፣ ከደመወዜ ይበልጥ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የወር ኪራይ ከፍዬ ገንዘብ የተረፈኝ ሥራ አጥ ሆኜ ነው። የሚያሳፍረው እኔን ይሁን ደመወዜን እስካሁን አልወሰንኩም።

እሱም በሐምሌ ቆመ። ዴሞክራቶቹ በተወካዮች ምክር ቤት 3 ትሪሊዮን የሚሆን ረቂቅ አጽድቀው ተቀምጠዋል፤ ቆይተው ወደ 2.2 ወረዱ። በሴኔት በኩል የሪፐብሊካኖቹ መሪ ማኮኔል 500 ቢሊዮን ገደማ ይበቃል አሉ። እኔ ደግሞ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ባለው ገደል ውስጥ ቁጭ ብዬ የኪራይ ቀን እቆጥር ነበር።

ዲሴምበር 1 ቀን መሀል ላይ የቆሙ ሰዎች ብቅ አሉ። ሴናተሮቹ ማንቺን፣ ሮምኒ፣ ኮሊንስ፣ ዋርነር፣ ሌሎችም፤ ከሁለቱም ወገን የመጡ፣ ጭምብላቸውን አጥልቀው ተራ በተራ ማይክሮፎን ፊት የቆሙ። ነገሩ የተጠነሰሰው በሴናተር ሙርካውስኪ ቤት ራት ላይ ነው ተባለ፤ ይህንን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ለካ እዚህም አገር ሰው የሚታረቀው ማዕድ ላይ ነው። ይዘውት የመጡት ቁጥር 908 ቢሊዮን ነበር። የሁለቱ ወገኖች ሐሳብ ይገባኛል፤ ያቺ ስምንት ግን ከየት እንደመጣች ዛሬም አልገባኝም። መርካቶ ውስጥ ሻጭ 2,200 ብሎ፣ ገዢ 500 ብሎ ሲጨቃጨቁ ከጎን ብቅ የሚል ደላላ እንዲህ ያለ ቁጥር ይጠራል። 900 ቢል የፈለሰፈው ይመስላል፤ 908 ሲል ግን ያሰላው ይመስላል።

በዚያ በ908 ውስጥ ለሰው በቀጥታ የሚሰጥ ቼክ አልነበረም። በሳምንት 300 ዶላር ለሥራ አጥ፣ ለትንንሽ ንግዶች፣ ለስቴቶችና ለከተሞች የሚሆን ገንዘብ ነበረበት። ከዚያ ሴናተሮቹ ሳንደርስና ሆሊ፣ ማለትም ዝናብ ዘነበ ቢባል እንኳ የማይስማሙ ሁለት ሰዎች፣ 1,200 ካልተሰጠ ብለው አብረው ቆሙ። የተገኘው እኩሌታው ሆነ፤ 600። ማኮኔል የሚሹት ድርጅቶች በኮሮና ምክንያት እንዳይከሰሱ የሚጠብቅ ከለላ፣ ዴሞክራቶቹ የሚሹት ለስቴቶችና ለከተሞች የሚሆነው ገንዘብ፣ ሁለቱም በአንድ ቢላዋ ተቆርጠው ወጡ። ስምምነት ማለት ይህ ነው አሉ፤ ሁለቱም እኩል ሲከፋቸው።

ዲሴምበር 21 ቀን 5,593 ገጽ የሆነ ወረቀት ይፋ በሆነ በሰዓታት ውስጥ በሁለቱም ምክር ቤቶች አለፈ፤ ሴኔቱ በ92 ለ6። እኔ የኪራይ ውሌን አሥራ አንድ ገጽ ለማንበብ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በማግስቱ ትራምፕ ሕጉ አሳፋሪ ነው፣ 600 ሳይሆን 2,000 መሆን አለበት አሉ። ሳይፈርሙ ቆይተው እሑድ ማታ ፈረሙ፤ የሥራ አጥ ክፍያው ግን ቅዳሜ አልቆ ነበር። ያችን አንዲት ቀን እንዴት እንዳሳለፍኳት አትጠይቁኝ። ትናንት የተወካዮች ምክር ቤት 2,000ውን በ275 ለ134 አጸደቀ። ዛሬ ማኮኔል ሴኔት ውስጥ አገዱት። የእህቴ 2,000 እንግዲህ እዚያ በር ላይ ቆሟል።

ይህንን ሁሉ በስልክ እንዴት ብዬ ነው የምጽፍላት?

እሑድ ማታ ፊርማው እንደተሰማ ጋሼ ተ. ደወሉልኝ። ታክሲያቸውን ኤርፖርት ሰልፍ ላይ አቁመው ከሚውሉት አንዱ ናቸው፤ በቀን አንድ ሰው ካገኙ ተመስገን ነው። «ስድብ ነው!» አሉ ሰላምታ ሳይሰጡ። «ዘጠኝ ወር አስጠብቀው 600! ምነው ከእነአካቴው ቢቀር!» እኔ ደግሞ ልቤ በፊርማው ቀልጦ ስለነበር «ጋሼ፣ ከማይመጣ 2,000 የሚመጣ 600 ይሻላል። ሰዎቹ መሀል ላይ ባይቆሙ ይቺም አትገኝም ነበር» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ቀጥለው ቀስ ብለው፣ እየሳቁ፣ «አንቺ መቼም መሀል ሰፋሪ ነሽ» አሉኝ።

ሳቃቸው የእሑዱ አልነበረም። የኅዳሩ ነበር። ወደዚያ እመለሳለሁ፤ ከቻልኩ።

ያቺ ቃል ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ውስጥ እየዞረች ነው። መሀል ሰፋሪ እኮ በጥንቱ ስድብ አልነበረም። የምኒልክ መሀል ሰፋሪ ጦር ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ የሰፈረ። በ1910 ዓ.ም. ሚኒስትሮቹ ይሻሩልን ብለው ተነሥተው አሽረዋል። መሀል መስፈር ማለት ያን ጊዜ ለጉዳዩ መቅረብ ማለት ነበር። በአብዮቱ ዘመን ቃሉ ተገልብጦ ወላዋይ፣ በሁለት ቢላዋ የሚበላ፣ ንፋሱን የሚጠብቅ ማለት ሆነ። ማንቺንና ጓደኞቹ የትኛው ዓይነት እንደሆኑ እኔ እንጃ። 92 ለ6 ማሳለፍ ግን የወላዋይ ሥራ አይመስለኝም። ይህንን ለጋሼ ተ. ደውዬ ልንገራቸው ብዬ ነበር፤ ሌሊት ባይሆን።

ደግሞ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለች ቀበሌያችን የታወቀ ሽማግሌ ነበር። አንድ ጊዜ የጎረቤት በሬዎች ሌሊት በረታቸውን ሰብረው የአንድ መበለት ገብስ ፈጁ። እሷ ካሣው አምስት ኩንታል ነው አለች፤ ባለ በሬው ከአንድ በላይ አልሰጥም አለ። ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፤ መልሱ ሦስት እንደሆነ በልቤ አስልቼ ጨርሻለሁ። አባቴ ግን ስለ ቁጥሩ ለማንም አልተናገረም። ማለዳ ተነሥቶ፣ በመጀመሪያ መበለቲቱ ቤት ሄደ። ጎተራዋን አሳዪኝ አላት። ስንት ልጆች እንዳሉ ቆጠረ። እስከሚቀጥለው አጨዳ ስንት ወር እንደቀረ ቆጠረ። ከዚያ ወደ ባለ በሬው ሄዶ፣ የቀረበለትን ጠላ ሳይቀምስ፣ አራት ኩንታል ብሎ ፈረደ። ሰውዬው «መሀሉ ሦስት አይደለም ወይ?» ሲል አባቴ ምን እንዳለው አላስታውስም። ኩርፊያውን ግን አስታውሳለሁ፤ ሁለት ዓመት አላነጋገረውም።

ለካ ያ ነው ልዩነቱ። ደላላ የሁለት ጠሪዎችን መሀል ያያል። ሽማግሌ ጎተራ ያያል። እነዚያ ራት ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች በ3 ትሪሊዮንና በ500 ቢሊዮን መሀል ያለውን በደንብ ለክተዋል፤ እኔ ምድር ቤት ወርዶ ጎተራዬን ያየ ግን አልነበረም። ይህንን ሳስብ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ ለጋሼ ተ. የምመልሰው የተሟላ ንግግር አገኘሁ ብዬ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ሻዩን እያፈላሁ ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

በሦስተኛው ላይ ሐ. ትዝ አለችኝ።

ሐ.ን አልነግራችሁም፤ ቤት ተጋርተን ስንኖር አራት ዓመታችን መሆኑን ታውቃላችሁ። እናቷ ከመቀሌ ራቅ ባለ ገጠር ናቸው። ጦርነቱ ከተጀመረበት ከጥቅምት 24 ወዲህ ስልኩ ዝም ካለ ጀምሮ ድምፃቸውን አልሰማችም። መቀሌ ላይ ስልክ መሥራት ጀመረ ሲባል ቀኑን ሙሉ ስትደውል ዋለች፤ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ያው «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ሴትዮ ነች።

በኅዳር አንድ እሑድ እዚሁ ቤት ቡና አፍልቼ አምስት ስድስት ሰዎች ተቀምጠን ነበር። ወሬው እዚያ ደረሰ፤ መድረሱ አይቀርም ነበር። አንዱ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሌላዋ መለሰችለት። ድምፅ ከፍ አለ። ሐ. ሲኒዋን ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ፤ ቤቱ የኔ ነው፣ ጀበናው የኔ ነው፣ ሁለቱም ወገን ጓደኞቼ ናቸው። እኔስ ምን አልኩ? «ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ጠጡ።»

ይኸው ነው ያልኩት። ጋሼ ተ. ያኔ ነው በዚያ ስም የጠሩኝ፤ በተቃራኒው የተቀመጠውም ሰው በሌላ ቃል እንደዚያው ብሎኛል። ሁለቱንም እኩል አስከፋሁ፤ እንዳሉት ይህ ስምምነት ከሆነ እኔም ሴናተር መሆን ይገባኝ ነበር። ሐ. ሲኒዋን አጥባ፣ ደፍታ፣ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቷን «አገኘሻቸው ወይ?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ብጠይቅ ከወገን የቆምኩ መስሎኝ። የአንዲት አሮጊት ደኅንነት መጠየቅ ወገን የሚሆነው በየትኛው ሚዛን እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ። ኪራይ፣ መብራት፣ የሳሙና ዋጋ፤ የምናወራው ይህንን ብቻ ነው፤ በጨዋነት፣ እኩል እየተካፈልን።

አባቴ ቢሆን በማግስቱ ማለዳ በሯን ያንኳኳ ነበር።

ሻዩ ፈላ። ሁለት ብርጭቆ አወጣሁ። ቅርንፉድ ጨመርኩበት፤ ትወዳለች። ከበሯ ሥር ብርሃን ይታያል። ብርጭቆዎቹን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ኮሪደሩ አጭር ነው፤ የእሷ በር በአንድ ጫፍ፣ የኔ በር በሌላው። ምን ብዬ ልጀምር? በዚህ ሌሊት አንኳኩቶ «እናትሽ እንዴት ናቸው» ይባላል? ሁለት ወር ዘግይቶ? ስለ 600 ዶላሩ ልጀምርና ቀስ ብዬ ልግባበት ብዬ አሰብኩ። ቀጥዬ፣ ይህም ያው የደላላ ዘዴ ነው አልኩ። እጄ ተቃጠለ። ብርሃኑ ጠፋ።

ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስመለከት፣ በእውነት እላችኋለሁ፣ የኮሪደሩ እኩሌታ ላይ ነበርኩ። ብለካው አንድ ጣት አይዛነፍም። ሳቄ መጣብኝና እንዳትሰማኝ አፍኜው ተመለስኩ።

ሁለቱንም ሻይ ጠጣሁ። እንቅልፍ እንግዲህ ከየት ይመጣል? አዲስ አበባ አሁን ረፍዷል፤ እህቴ ስልኳን ይዛ ትሆናለች። መልእክቷን እንዳነበብኩትም ታያለች።