የ2017 የዱቤ ደብተሬ

በደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አነስተኛ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለችኝ። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ሱቁን ከወትሮው ቀደም ብዬ እዘጋና የዱቤ ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነብባለሁ፤ የተከፈለውን መሠረዜን አረጋግጣለሁ፣ ያልተከፈለውን ወደ አዲሱ ደብተር አሻግራለሁ። ሌላው ሰው ያለፈውን ዓመት በምን ያስታውሰው እንደሆነ እንጃ፤ እኔ የማስታውሰው በዘይትና በስኳር፣ በሽሮና በሳሙና፣ ከጎናቸውም በተጻፉት ቀኖች ነው። የ2017ን ደብተር ስገልጥ ግን የሌላ ሰው ፊርማ ያረፈባቸው የተሠረዙ መስመሮች ነበሩበት። የምጽፈው እነዚያ መስመሮች እንዴት እንደተሠረዙ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዕቃ ዋጋ አልረጋ ብሎ ሰነበተ፤ በወር መጨረሻ ይከፍሉኝ የነበሩ ደንበኞቼም ሁለትና ሦስት ወር ማሳደር ጀመሩ። በጥቅምት 2017 መጨረሻ፣ ከቅሬ ስብሰባ በኋላ (ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ በወሎ ቅሬ እንለዋለን) ስምንት ጎረቤቶቼ ለገና ዘይትና ዱቄት ገዝተን ለተቸገሩ እናድል የሚል ሐሳብ አነሡ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም እኔ አልተዋጠልኝም፤ ምክንያቱም በበዓል ዋዜማ ተሰልፎ ዘይት የተቀበለ ሰው በማግስቱ ያንኑ ዘይት ሸጦ ዕዳውን ሊከፍለኝ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ዕቃ ከማደል ይልቅ የሰዎቹን ዱቤ እንክፈል አልኩ። አምስቱ ሙስሊሞች፣ አራቱ ክርስቲያኖች የሆንን ዘጠኝ ሰዎች ከኅዳር ጀምሮ በወር 300 ብር ልናዋጣ፣ ገንዘቡንም ለገና፣ ለዒድ አልፈጥር፣ ለፋሲካ፣ ለአረፋ፣ ከዚያም ተቀራርበው ለሚውሉት ለመውሊድና ለእንቁጣጣሽ ልናውለው ተስማማን። ለእያንዳንዱ ሂሳብ ቁጥር ሰጠሁት፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለገና አምስት ሂሳቦችን በ4,850 ብር ዘጋን፤ የመጀመሪያውን ጥፋት የሠራሁትም ያን ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 28 ቀን ምሽት በጫኝና አውራጅነት የሚተዳደሩ አንድ አባት ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጠመጠሙ ግማሽ ኪሎ ስኳር ሊወስዱ መጡ። ሦስት ደንበኞች ተራ እየጠበቁ ሳለ፣ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ «ጋሼ፣ የእርስዎ ሂሳብ ተዘግቷል፤ ሰዎች ከፍለውልዎታል» አልኳቸው። «የትኞቹ ሰዎች?» አሉኝ። ስማቸው እንዲነገር አልፈለጉም ብዬ መለስኩ። ስኳሩን መልሰው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት፣ «እግዜር ይስጣቸው» ብለው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል በሱቄ ደጃፍ አላለፉም።

በየካቲት ከመድኃኔ ዓለም ስወርድ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ልጄ፣ የአንተ ዕዳ ሳለብኝ ፊትህን አይቼ እንደምን አደርክ እልህ ነበር። አሁን የማን ባለዕዳ እንደሆንኩ አላውቅም፤ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ከፍሎልኝ ይሆናል እያልኩ አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ።» እኔ ስም መደበቅ ማለት የሰጪውን ስም መደበቅ መስሎኝ ነበር፤ ተቀባዩን ግን በሦስት ሰው ፊት ስሙን ጠርቼ አጋልጬዋለሁ። በከተማችን ያለው የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ አይጠየፍ የተባለው ማንም ሳይናቅ ስለሚበላበት ነው ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ሁሉም አብሮ በሚቆርስበት ማዕድ ላይ መቀመጥና ለብቻ ተጠርቶ መቀበል ምን ያህል እንደሚለያዩ የገባኝ ግን እኚህን ሰው ካስቀየምኩ በኋላ ነው። እሳቸው ገንዘቡን በየሳምንቱ ሃምሳ ሃምሳ ብር ካልመለስኩ አሉ፤ እኔም በመዋጮ ሳጥናችን ደብተር ላይ ከአዋጪዎቹ ተርታ ጻፍኳቸው። ከዚያ ወዲህ ማንንም አስቀድሜ፣ ለብቻ፣ ሱቁ ጭር ሲል ሳልጠይቅ አንድ መስመር አልሠረዝኩም።

ሁለተኛው ነገር የመጣው ከራሳችን ሰው ነው። በጥር ስብሰባችን መምህር የሆነው ጎረቤቴ «ወንድሜ አትቀየመኝ፤ ከኪሳችን የሚወጣው ገንዘብ እኮ መጨረሻው ያንተ መሳቢያ ነው» አለኝ። ተቀይሜ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ሂሳቡን ስሠራ ግን ሰውየው ትክክል ነበር፦ 4,850 ብሩ በሙሉ፣ በዕቃው ላይ ያተረፍኩት ጭምር፣ ወደ እኔ ገብቷል፤ ይከፈለኝ አይከፈለኝ የማላውቀውን ዱቤ ጎረቤቶቼ ከፍለውልኝ የበጎ አድራጊነቱን ምስጋና ደግሞ እኔ ወስጃለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ነገር ሐሳብ አቀረብኩ። ማኅበሩ ከመክፈሉ በፊት ከእያንዳንዱ ሂሳብ አንድ አምስተኛውን እኔ እተዋለሁ፤ መምህሩ ስሞቹን በወረቀት ሸፍኖ እያየ በተሠረዘው መስመር ሁሉ ላይ ይፈርማል፤ ከገንዘቡም ከፊሉ ወደ ሌሎች ሱቆች ይሄዳል። ፊርማዎቹ የመጡት ከዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር አንድ አምስተኛውን መተው በጣም ከበደኝ፤ በተለይ በሚያዝያ ዕቃ ለመሙላት ገንዘብ ሲያጥረኝ ብዙ ጊዜ ተጸጽቻለሁ።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዷን ደግሞ የካቲት 22 ስለገቡ ሁለቱ ጾሞች ወር ያህል አብረው ተጓዙ። ቀን ቀን ሽሮ፣ ምስርና ዘይት፣ አመሻሽ ላይ ቴምርና የሾርባ እህል ሲወጣ ይውል ነበር፤ የሁሉም ቤት ዘይት ፈላጊ ስለሆነ የደብተሬ መስመሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስሉ ነበር። ዒድ በሁዳዴው መካከል፣ ፋሲካ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሚያዝያ 12 ስለዋለ ገንዘቡን ለሁለቱ እምነቶች እኩል እንከፍለዋለን ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ብዙም አልተከራከርንበትም፤ ቁጥር ሃይማኖት የለውም ተባባልን። ይልቅ ከመካከላችን ያሉ አንድ ሐጂ የተናገሩት ጠቅሞናል፦ የፊጥር ዘካ በቤተሰቡ አባላት ቁጥር በእህል ተለክቶ ከዒድ ሶላት በፊት የሚሰጥ ራሱን የቻለ ግዴታ ስለሆነ ማንም የእኛን ሳጥን በእሱ ቦታ እንዳይቆጥር አሳሰቡ። ዕዳ ያለበት ሰው በቁርኣን ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ መሆኑንም የነገሩን እሳቸው ናቸው።

ለፋሲካ ሂሳባቸውን ልንከፍል የጠየቅናቸው አንዲት እናት «የሱቁ ይቆየኝ፤ ያስቸገረኝ የወፍጮው ነው» አሉኝ። ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ዘመድ ከገጠር የላከላቸው ሃምሳ ኪሎ ያህል ስንዴና ማሽላ በጆንያ ሆኖ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጧል፤ አፉ የታሰረበት ሲባጎ አልተፈታም። ወፍጮ ቤቱ የቀድሞ ዕዳቸውን ሳይከፍሉ አልፈጭም ስላላቸው እህል አጠገባቸው እያለ እንጀራ በዱቤ ይገዙ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ለሳቸው ዱቤ የሰጠሁት እኔ ሆኜ ሳለ ይህን አንድ ቀን እንኳን ጠይቄ አላውቅም። ለፋሲካ ካወጣነው 4,100 ብር ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ወፍጮ ቤት ሄደ።

በጳጉሜን ደብተሩን ሳነብ ያየሁት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያሳዝነኛል። በዓላቱ የተጻፉባቸው ገጾች እንዳሰብኩት ብዙ አልነበሩም፤ በበዓል ሰው ከዘመድም ከጎረቤትም አንድ ነገር አያጣም። ረጃጅሞቹ ገጾች የሐምሌና የነሐሴ ነበሩ። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ዝናቡ ቀን ከሌት ሲወርድ ግንባታ ይቆማል፣ የቀን ሥራ ይጠፋል፣ በዚያ ላይ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ይደርሳል። ሐምሌ 14 ቀን «ሩብ ስኳር፣ አንድ ሻማ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ በዚያው ቀን በሳጥናችን ውስጥ ለእንቁጣጣሽ ብለን ያስቀመጥነው ከአምስት ሺህ ብር በላይ ተቀምጦ ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም፤ በዓል ካልሆነ አይከፈልም ብለን ራሳችን ባወጣነው ደንብ ታስረን ነው።

በዓመቱ ከዘጠኛችን የተሰበሰበው 25,800 ብር ነው፤ አራት መዋጮዎች ሳይገቡ ቀርተዋል፣ ማን እንዳላዋጣም አልተጠየቀም። ለ2018 ከየወሩ መዋጮ ሲሶውን ለሐምሌ ለማስቀመጥ ተስማምተናል፤ ከበዓል ደስታ ላይ መቀነስ ነው ብለው ያልወደዱት ሁለት ሰዎች ቢኖሩም።

ይከፈልላችሁ ስንላቸው እንቢ ያሉን ሁለት ሰዎች ነበሩ። የእነሱን ሂሳብ፣ እንደጠየቁኝ፣ ምንም ሳልቀንስ ወደ አዲሱ ደብተር አሻገርኩት። አንደኛው መስከረም 3 ቀን ጠዋት መጣና 200 ብር ቆጥሮ ሰጠኝ፤ ቀሪውን ዓይኑ እያየ እንድጽፍለትም ባንኮኒውን ተደግፎ ጠበቀ።