«ዛሬም ውጬ ነው የመጣሁት»

በአእምሮ ሕክምና ክትትል ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ያጋጠመኝ ነው። ታካሚዋ መምህርት ናቸው። ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን ከልክ በላይ እያጋለና እየጣለ የሚያመላልስ የአእምሮ ሕመም አለባቸው። ሊቲየም የሚባለውን ክኒን ጠዋትና ማታ እየወሰዱ ሕመሙ 6 ዓመት ሙሉ አላገረሸባቸውም።

ያን ቀን ክንዳቸውን እያሰርኩ እንደ ልማዴ ጠየቅኳቸው።

«መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰዱ ነው?»

«ምን ነካሽ ልጄ! ዛሬም ጠዋት ውጬ ነው የመጣሁት።»

«በርቱ!» አልኳቸው። ደሙን ቀዳሁ፣ ቲዩቡ ላይ ስምና ቀን ጻፍኩ፣ ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ።

በደማቸው ውስጥ ያለው የሊቲየም መጠን 1.2 ሚሊሞል በሊትር ሆኖ መጣ። ሕመሙ እንዳያገረሽ ለሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከ0.6 እስከ 0.8 ነው። ሊቲየም ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በሚረዳውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ 1.5 ካለፈ ያሰጋል። ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ መጠኑን ቀነሰላቸው።

በ3ኛው ሳምንት እህታቸው ይዛቸው መጣች። 4 ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። አንዱን ወሬ ሳይጨርሱ ሌላ ይጀምራሉ። ሌሊቱን የተማሪዎቻቸውን ደብተር ሲያርሙ ነው የሚያነጉት። እህታቸው አንዱን አውጥታ አሳየችኝ። ገጹ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቷል። የልጁ ጽሑፍ አይታይም። የዚያኑ ቀን አልጋ ያዙ።

ሐኪሙ ካርዱን ሲያገላብጥ ጠየቀ። «ደሙ ሲቀዳ ክኒኑን ከወሰዱ ስንት ሰዓት ሆኗቸው ነበር?» ካርዱ ላይ የለም። መልሱ ያለው እኔ ጋ ነበር። ነግረውኝ «በርቱ» ብያቸዋለሁ።

የሊቲየም ደም የሚቀዳው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት ሲሞላው ነው። ጠዋት የሚመረመር ሰው የጠዋቱን ሳይወስድ ይመጣል። ክኒኑ እንደተዋጠ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ይላል፣ ከዚያ ኩላሊት ቀስ እያለ ያስወጣዋል። 0.6 እስከ 0.8 የሚባለው ልክ የ12ኛው ሰዓት ልክ ነው። እኔ የላክሁት ደም ግን ክኒኑ ከተዋጠ 2 ሰዓት እንኳ ያልሞላው ነበር። (እውነተኛ ከፍታም አለ። ትውከትና ተቅማጥ፣ ወይም እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ሊቲየምን ከፍ ያደርገዋል። ይህንንም አልጠየቅሁም።)

ለእህታቸው ሁሉንም ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ታዲያ መድኃኒቱ አይደለም እምቢ ያላት?» አለች። ቤተሰቡ ሊቲየሙ ከዚህ በኋላ አይሠራም ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ከሁሉም ይበልጥ ያመመኝ ይሄ ነው። በእኔ ጥፋት መድኃኒቱን ጭራሽ ቢያስተዋቸው ኖሮስ?

አሁን መርፌውን ከማንሳቴ በፊት «የመጨረሻውን ስንት ሰዓት ላይ ዋጡ?» እላለሁ። ሰዓቱን ቲዩቡም ካርዱም ላይ እጽፋለሁ። ጠዋት ውጦ የመጣውን ቀጠሮ ቀይሬ እመልሰዋለሁ፤ ቢቆጣኝም።

መምህርቷ ወደ ቀድሞው መጠናቸው ተመልሰው ድነው ወጡ። በቀጣዩ ቀጠሮ ክኒናቸውን በሶፍት ጠቅልለው ይዘው መጡ። ደሙን ቀድቼ ጥጡን ስይዝላቸው ሶፍቱን ፈቱና «በይ አሁን ውኃ ስጪኝ» አሉኝ።