የትኛው ከርነል?

ሰሞኑን «ከርነል» የሚለው ቃል በምከፍተው ፋይል ሁሉ ይገጥመኛል። በየቦታውም ሌላ ነገር ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው ሊኑክስ በትክክል ከተነገረ ከርነል ብቻ ነው። ሚሞሪ የሚያድለው፣ ፕሮሰሰሩን ለፕሮግራሞች በየተራ የሚያዳርሰው እሱ ነው። እሱ ከወደቀ ማሽኑም አበቃለት።

ኮድ ቁራጭ በቁራጭ እየጻፍን የምናስኬድበት የጁፒተር ኖትቡክ ከርነል ግን ከጀርባ ሆኖ ኮዳችንን የሚያስኬድ አንድ ተራ ፕሮሰስ ነው። «ከርነሉ ሞቷል» የሚል መልእክት ሲመጣ የሊኑክስ ሰው ክው ይላል። ኮምፒውተሩ ግን ደህና ነው፤ የጠፉት ቫሪያብሎቹ ናቸው። የሚያስቀው ደግሞ፣ ሚሞሪ አልቆ ከሆነ ብዙ ጊዜ ገዳዩ ራሱ የሊኑክስ ከርነል ነው። ከርነል ከርነልን ገደለ ማለት ነው እንግዲህ!

እነዚህ ሁለቱ ስለሚራራቁ ብዙ አያደናግሩም። ራስ የሚያዞሩት የሚቀራረቡት ናቸው።

ኩዳ ላይ፣ ማለትም በኤንቪዲያ ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ፕሮግራም መጻፊያው ላይ፣ ከርነል ማለት በጂፒዩው ላይ ብዙ ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ ክሮች) በአንድ ጊዜ የሚያስኬዱት ፈንክሽን ነው። በምስል ሥራ ደግሞ ትንሽ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፤ ለምሳሌ 3 በ3። በፒክስሎቹ ላይ እየተንሸራተተ ያባዛል፣ ይደምራል። ዘጠኙም ቁጥሮች አንድ ዘጠነኛ ከሆኑ ምስሉ ይደበዝዛል። ይህንኑ ማደብዘዣ በኩዳ ስንጽፈው ከርነል የተባለው ፈንክሽን ከርነል የተባለውን ሰንጠረዥ ይቀበላል። ታዲያ «የከርነሉ ሳይዝ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምን ይመለስለት? እኔ ሰንጠረዡን ፊልተር ብዬ መጥራት መርጫለሁ። ንጹሕ መፍትሔ አይደለም፣ ግን ያግባባል።

ጋውሲያን ከርነል ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ምስል ማደብዘዣውም ሆነ ኤስቪኤም የሚባለው የማሽን ለርኒንግ ዘዴ የሚጠቀሙት ያው ደወል መሳይ ቀመር ነው፤ ርቀት ሲጨምር ዋጋው ወደ ዜሮ ይወርዳል። በማደብዘዣው የሚለካው በፒክስሎች መካከል ያለው ርቀት ነው፣ ውጤቱም ክብደት ነው። በኤስቪኤም የሚለካው በሁለት ዳታዎች መካከል ያለው ርቀት ሲሆን ውጤቱ የመመሳሰል መጠን ነው። ስሙም ቀመሩም አንድ ሆኖ ሥራው ተለያየ።

የደወሉ ስፋት መቆጣጠሪያው ራሱ ተገልብጧል። በማደብዘዣው ሲግማ የተባለውን ቁጥር ከፍ ስናደርግ ደወሉ ይሰፋል። የፓይቶኑ የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ ሳይኪት-ለርን ውስጥ ያለው ግን ጋማ ነው፤ እሱን ከፍ ስናደርግ ደወሉ ይጠባል፣ ሞዴሉም ዳታውን ወደ መሸምደድ ያደላል። ጋማ 1 ሲካፈል ለሲግማ ስኩዌር እጥፍ ነውና። ይህችን ቀመር ኮዱ ላይ ኮሜንት አድርጌ አስቀምጫታለሁ።

የሊኒየር አልጀብራው ከርነልም አለ። እሱን ለሌላ ቀን።