ጠያቂውም መላሹም አንድ መሥሪያ ቤት

ዛሬ ቢሮ ውስጥ ስለ መግለጫ አሰጣጥ ስንከራከር የፌማ ጉዳይ ተነሳ፤ እስካሁን ያበሳጨኛል።

ፌማ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ነው። ካሊፎርኒያ በሰደድ እሳት ስትነድ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2007 ዋሽንግተን ላይ ጋዜጣዊ መግለጫ ጠራ። ለጋዜጠኞች የተነገራቸው 15 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካሜራ ተሸክሞ ማን ይደርሳል? የስልክ መስመር ነበር፤ ግን ማዳመጥ እንጂ መጠየቅ አያስችልም። እናም የራሱ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች ጠያቂ ሆነው ምክትል ኃላፊውን ሃርቪ ጆንሰንን በፌማ ሥራ ደስተኛ መሆናቸውን ጠየቋቸው። «በጣም» አሉ። ቴሌቪዥኖች በቀጥታ አስተላለፉት። ዋሽንግተን ፖስት ሲያጋልጠው ይቅርታ ተጠየቀ።

መልሱ ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ማታለል ነው። እሳት ሸሽቶ የወጣው ሰው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ የማይበላ ሰው የጠየቀለት መስሎታል።

ጋዜጠኛ ካልደረሰ ሰዓቱን መግፋት ወይም መግለጫውን በጽሑፍ መበተን ይቻላል። የስልኩን መስመር ለጥያቄ መክፈትማ የደቂቃ ሥራ ነው። ተመልካችም ጠያቂው ስሙንና የመጣበትን ሚዲያ ሳይናገር ሲቀር ይጠርጥር።

የፌማ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ወደ ብሔራዊ የስለላ ዳይሬክተር ቢሮ ሊዛወሩ ነበር፤ ሹመቱ ቀረባቸው።