እግሬን ላተረፈልኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰው

የታመምኩት ግራ እግሬን ነው። ስትጀምር ትንኝ የነከሰኝ የምትመስል ብጉር ነበረች። ፈረጠች፣ ጠርዟ ሐምራዊ ሆነ፣ ሰፋች። አንድ ክሊኒክ ኢንፌክሽን ነው ብለው ጠርዙን ቆርጠው አጸዱት። በሳምንቱ እጥፍ ሆነ። በመጨረሻ "እግሩ ይቆረጥ፣ ነገ ኑና እንነጋገር" አሉን።

ያን ሌሊት እንዴት ልንገራችሁ። የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ነው፣ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ቤታችን ተኝቻለሁ። ብርድ ልብሱ ሲነካኝ ስለምጮህ እህቴ የፓስታ ካርቶን ሁለት ጎኑን ቀዳ እግሬ ላይ ደፋችልኝ። ሽታው እኔንም አስጠልቶኛል። "ቍስሌ ሸተተ በሰበሰም" ያለው ዳዊት ለካ እንዲህ ሆኖ ነው! ከሩቅ ማሕሌቱ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። እማዬ መዝሙር ዘጠናን ትደግማለች፤ "ከሌሊት ግርማ" ስትል "ተይ እማዬ፣ ለኔ አይሰማም! ልጆቼን ላሳድግበት እግር ከነሳኝ ምን አምላክ ነው?" ብዬ ጮህኩባት። አዎ፣ ብያለሁ። እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

ሊነጋጋ ሲል የአክስቴ ልጅ ደወለ። ነርስ ነው፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። ፎቶውን አዲስ አበባ ላለ የቆዳ ሐኪም ልኮለት ኖሯል። "እንዳታስነኩት! ይሄ ቢላ በነካው ቁጥር የሚብስ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ይዛችኋት ኑ" ብሎታል።

ሄድን። ናሙና ተወስዶ ሌላ ሌላው በሽታ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ፓዮደርማ ጋንግሪኖሰም ነው ተባለ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥጋ የሚሞትበት ጋንግሪን አይደለም፤ የገዛ ሰውነቴ መከላከያ ነው ቆዳዬን የሚበላው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ፊቴን ከማሳበጥ በቀር አልረዳኝም። ሐኪሙ ኢንፍሊክሲማብ የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አነሳ። "የተፈቀደው ለአንጀት፣ ለመገጣጠሚያና ሶርያሲስ ለሚባል የቆዳ በሽታ ነው። ለእርስዎ ሕመም ተብሎ አልተጻፈም። ግን በ2006 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ 30 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ለማነጻጸር ከተሰጠው መድኃኒት የሌለበት ባዶ መርፌ ተሽሎ ተገኝቷል" አለኝ። አለመደበቁን ወደድኩለት። የተኛ ቲቢ ይቀሰቅሳል ተብሎ ስመረመር ተገኘብኝ፣ መከላከያ ክኒን ጀመርኩ።

መድኃኒቱ እስኪገኝ ወራት አለፉ።

ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በቀናት ውስጥ ሕመሙ ለቀቀኝ። ካርቶኑን እህቴ ራሷ ጣለችው። ሁለተኛው በሁለት ሳምንት፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ሳምንት ተሰጠኝ። ቁስሉ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ተዘጋ፤ ጠባሳው ስስ ነው፣ እንደ ወረቀት የተጨማደደ። ኪዳነ ምሕረትን ቆሜ አስቀደስኩ፣ እልል በሉልኝ!

ክትትሉ አላለቀም፤ ትኩሳት ወይም ሳል ከመጣ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ ተብያለሁ። በጸሎት አስቡኝ፣ የክርስትና ስሜ ወለተ ሐና ነው።