ኦፕሬሽን ልሁን ወይስ ልታገሥ

የሚያመኝ ፊንጢጣዬ ነው። ይህን ጽፎ ማየት ራሱ ይከብዳል። ግን እኔ ሐሳቤ የሚጠራልኝ ስጽፍ ነው። ሰው ሁሉ «ኪንታሮት ነው» ይለኛል። አይደለም። ስንጥቅ ነው፤ ጠባብና አጭር ቁስል። ሰገራ ሲያልፍበት እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ከዚያ የሚከተለው ማቃጠል ደግሞ ለሰዓታት አይለቅም። ቆሜ ሳስተምር ላብ ያጠምቀኛል።

ለምን እንደማይድን የገባኝ ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ነው። መውጫውን ዘግቶ የሚይዘው የውስጠኛው ጡንቻ በራሱ ነው የሚሠራው፤ እኛ አናዘውም። ቁስሉ ባመመ ቁጥር ይኮማተራል። ሲኮማተር ወደ ቁስሉ የሚሄደው ደም ያንሳል። ደም ያነሰው ቁስል አይሽርም፤ ያልሻረው መልሶ ያማል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈው ሥር የሰደደ ይባላል። የኔ ካለፈው ቆይቷል።

ጠዋት ተልባ እጠጣለሁ፣ ማታ ለብ ባለ ውሃ እዘፈዘፋለሁ። ሰገራ የሚያለሰልስ ሽሮፕም ወስጃለሁ። ሚጥሚጣና አዋዜ እርም ብያለሁ። ጡንቻውን የሚያላላ የናይትሮግሊሰሪን ቅባት ታዘዘልኝና ሕመሙ ቀነሰ፤ ግን ራሴን እየፈለጠኝ ሥራ አላሠራ አለኝ። ስተወው ስንጥቁ አገረሸ። እህቴ የባህል መድኃኒት ወደሚሰጡ ሰው ልትወስደኝ ነበር። እምቢ አልኳት። የሚያቃጥል ነገር እዚያ ቦታ ላይ ሲቀባ ጡንቻውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ኦፕሬሽኑ አጭር ነው። ጡንቻውን በጎን በኩል በጥቂቱ ይቆርጡታል። መኮማተሩ ይላላል፣ ደም ይደርሳል፣ ቁስሉ ይሽራል። ከ10 ሰው 9ኙ ይድናል፤ ብዙው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ይህን ስሰማ ነገውኑ ይደረግልኝ ልል ነበር። ከዚያ ሐኪሙ ሌላውን ነገረኝ። አንዳንድ ሰው ፈሱን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ሰገራ የሚያመልጠውም አለ። አብዛኛው በጊዜ ይሻለዋል፣ የማይሻለውም አይጠፋም።

«ጥቂት ሰው ነው» ይላሉ። ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ለምቆም ለኔ ግን ጥቂት አይደለም። ቅዳሴ ላይ ሰው ተጠጋግቶ ቆሞ ቢያመልጠኝስ? እሱን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ትንሽ ያረጋጋኝ ሐኪሙ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። «ወልደሻል? እንዴት ወለድሽ?» በምጥ ወልዳ እዚያ አካባቢ የተቀደደች ሴት ጡንቻዋ ቀድሞ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አደጋው ለሷ ይበዛል። እኔ የወለድኩት በኦፕሬሽን ነው። መርምሮኝ ጡንቻሽ ደህና ነው አለኝ። ሁለተኛ ልጅ እንደምፈልግ ስነግረው ካርዴ ላይ ጻፈው። የሚቆርጠው ከስንጥቁ ርዝመት እንዳያልፍ ለመንኩት። «እንደዚያ ነው የማደርገው። ስትፀንሺ ደግሞ ለማህፀን ሐኪምሽ ንገሪ» አለኝ። ማንም ሴት ስለ ወሊዷ ሳትጠየቅ ይህ ኦፕሬሽን ሊደረግላት አይገባም፤ በዚህ አልደራደርም።

ባለቤቴ «አትቸኩዪ» ይለኛል። ለኔ አስቦ ነው። ግን ሽንት ቤት ላለመሄድ ብዬ ምግብ የምቀንሰው እኔ ነኝ። ልጄን ጭኔ ላይ ማስቀመጥ የምፈራው እኔ ነኝ። ማምለጡ ሊደርስ የሚችል ነው፤ ሕመሙ ግን በየቀኑ እየደረሰብኝ ነው።

ስለዚህ እሆናለሁ፤ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ። ተልባውም ውሃውም ከኦፕሬሽኑ በኋላ አይቀሩም፤ ድርቀቱ ከተመለሰ ስንጥቁም ሊመለስ ይችላል። እህቴን ያን ሰሞን ልጄን እንድትይዝልኝ ጠይቄያት እሺ ብላኛለች።